መጀመሪያ የወጣችው እጅ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ሁለት በሬ፣ አንዲት ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና አንድ ቂም ነበረው። እኔ የማወራሽ ስለ ቂሙ ነው፣ የሻረግ፤ ሌላውማ ማንም ቤት አለ።

ቆይ፣ አትቸኩዪ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ዳኞቹ ነገር እያንዛዙ ሰው አንገላቱ፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ታዲያ ፍርዱንም ለእሱ ብንሰጠው ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። ነገ ምክር ቤት ገብተሽ እጅ ልታወጪበት ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ እያልሽ ፈተና ላይ ስትጽፊ አንዱንም አልሳትሽም። ፈተናውን አለፍሽ፤ ነገሩ ግን ከራስሽ ወደ ሆድሽ አልወረደም። እንግዲህ ዝም ብለሽ ስሚ።

ሰውየው የሚኖርበት ሸለቆ ዝናቡ የማይታመን አገር ነበር። ሕዝቡን ያኖረው ከተራራው ሥር ከሚፈልቀው ወንዝ የተጠለፈ አንድ ቦይ ነው። አንድ ቦይ ለዚያ ሁሉ ሰው! ውሃ ደግሞ ወንድምና ወንድምን ያጋድላል። ስለዚህ አባቶቻቸው ብልሃት አበጁ። የውሃውን ተራ የሚደነግገው ሸንጎው ነው፤ ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ እጅ አውጥቶ። ቦዩን የሚያስከፍተውና የሚያስዘጋው፣ ዘብ የሚያቆመው፣ ያጠፋውን የሚይዘው ሹሙ ነው። ሰው ሲጣላ የሚፈርደው ዳኛው ነው። ሸንጎው ቦይ አይከፍትም፣ ሹሙ አይፈርድም፣ ዳኛው ዘብ አያዝም። ዳኛውማ አበሳው ብዙ ነበር። የሚሰጠው ማሳ ከቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ውሃ የሚደርሰው አገሩ ሁሉ ካጠጣ በኋላ ነው። ሹሙ ቤት ድግስ ቢኖር እህል አይቀምስም። «የጎረሰ አፍ እንዴት ይፈርዳል?» ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ነበራቸው። የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ የሰማው ሁሉ ባለበት ይቆማል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ሲባል ሰምተሻል መቼም። ከቆሙ በኋላ ከሳሽና ተከሳሽ የጋቢያቸውን ጫፍና ጫፍ ይቋጥሩና ተቆራኝተው ዳኛው ዘንድ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን ከዳኛው በቀር የሚፈታው የለም። ሹሙም ቢሆን ያው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የውሃ ተራዋን ተነጠቀችና ሹሙን ራሱን በሕግ አምላክ ብላ አቆመችው። ካባውን ከነጠላዋ ቋጥራ፣ በቅሎው ከኋላ ባዶዋን እየተሳበች፣ በገበያው መሀል በእግሩ ወሰደችው። ዳኛውም ፈረደላት። ሰው አፉን ይዞ ቀረ። ሹሙ ያን ቀን ውሃዋን መለሰላት፤ ልቡ ግን አልተመለሰም።

ልብ በዪልኝ፤ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። በክፉ ዘመን ጎተራውን ከፍቶ ዘር አድሏል፣ ድልድይ አሠርቷል፣ ሽፍታ አባሯል። ሰው በስሙ ይምል ነበር። ሹም ደግ ሲሆን ሰው ይዘናጋል፤ የኔ ፍርሃት ሁልጊዜም እዚያ ላይ ነው።

ገበሬው ቂም የያዘው በዳኛው ላይ ነበር። ከጎረቤቱ ጋር የሚያዋስነውን የድንበር ድንጋይ በእርሻ ወራት ወደ ጎረቤቱ ማሳ ገፋ አደረገው። ትንሽ ናት፤ ጥቂት ፈር ብታስገባ ነው። ጎረቤቱ በሕግ አምላክ ብሎ አቆመው፤ ተቋጠሩ፤ ሄዱ። ዳኛው ግራና ቀኝ ሰማ፣ ምስክር ጠራ፣ ቀጠሮ ሰጠ፣ ደግሞ ቀጠሮ ሰጠ። በመጨረሻ «ድንጋዩን በጫንቃህ ተሸክመህ ከነበረበት መልስ» አለው። ገበሬው አገር እያየው ተሸከመ። ሚስቱ ሳትቀር አየችው። ከዚያን ቀን ወዲህ የዳኛው ስም በተነሳ ቁጥር ምራቁን እንትፍ ይል ነበር።

ከዓመታት ባንዱ ድርቅ ገባ። ቦዩ ቀጠነ። ሹሙ ሰፊ የበርበሬ ማሳ ነበረውና በርበሬው ሲጠወልግ አይቶ ያለተራው ውሃ ሊያስገባ ፈለገ። ዳኛው «ተራህ አይደለም» ብሎ ፈረደበት። በርበሬው እንዳለ ደረቀ። ይኼኔ ሹሙ ሸንጎውን ጠራ።

«ወገኖቼ» አላቸው ከዋርካው ሥር ቆሞ፤ «እኔን ታውቁኛላችሁ። በክፉ ቀን ከጎናችሁ አልጠፋሁም። ይህ ዳኛ ግን ቀጠሮ እየሰጠ ያንገላታችኋል። አንዲት ነገር ለመጨረስ ጫማችሁ እስኪያልቅ ትመላለሳላችሁ። ዳኝነቱን ለእኔ ስጡኝ፤ በአንድ ጀንበር እጨርስላችኋለሁ። እናንተም በሥራ ወራት ለሸንጎ እየተጠራችሁ ከምትደክሙ፣ የውሃውን ሕግ እንደ ጊዜው እያየሁ እኔው ልደንግግ። ለናንተው ብዬ ነው።»

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ አንድ ሰው «የለም» ቢል ኖሮ ሌላው ይከተለው ነበር፤ አንድ ሰው «እሺ» ቢልም እንደዚያው። ገበሬው ያ ድንጋይ የላጠው ጫንቃው ታወሰው። ቀኝ እጁን አወጣ፤ ከሁሉ በፊት። አጠገቡ ያለው እሱን አይቶ አወጣ፣ ከኋላው ያለው ያንን አይቶ አወጣ። ከዚያማ ከዋርካው ሥር ያልወጣ እጅ ጠፋ።

ዳኛው የዳኝነት ዘንጉን ሹሙ እግር ሥር አስቀመጠና ወደ ሸንጎው ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «እንግዲህ ሹሙ ቢበድላችሁ በሕግ አምላክ ብላችሁ ታቆሙታላችሁ። እሺ፣ ቆመ እንበል። ከዚያስ ወዴት ትወስዱታላችሁ?»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ዳኛውም ወደ ማሳው ሄደ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

መጀመሪያ ላይ ደስ አለ እኮ! ጠዋት የተካሰሰ ለምሳ ቤቱ ይገባል። ቀጠሮ የለ፣ ምልልስ የለ። ገበሬያችንም ሄደና «ጌታዬ፣ ያ ሽማግሌ ዳኛ በግፍ የወሰደብኝ ድንበር አለ» አለ። ሹሙ ያቺን መጀመሪያ የወጣች እጅ አልረሳትም። ጎረቤቱን ሳያስጠራ፣ ምስክር ሳይሰማ «ይመለስልህ» አለው። ገበሬው ድንጋዩን እንደ ሙሽራ አቅፎ ሄደ።

ጎረቤቱ ግን ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ድንጋዩን ሊያስተክል የመጣውን ዘብ «በሕግ አምላክ!» አለው። ዘቡ እንደ ልማዱ ቆመ። ጋቢያቸውን ቋጠሩና መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ዘቡ ግራ ገብቶት «ለመሆኑ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለ። ጎረቤቱም አሰበ፤ ከሹሙ ቤት በቀር መሄጃ የለም። ሄዱ። ሹሙም «በእኔ ፍርድ ላይ ነው የምትጮኸው?» አለው። ጎረቤቱን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ከአገር ተባረረ ያለ አለ፤ ከሹሙ ምድር ቤት ታስሯል ያለም አለ። በሩ እንደተዘጋ ቀረ። ውሻው ደጃፉ ላይ ተኝቶ ሰው ሲያልፍ እንኳ አይጮህም ነበር። ገበሬው በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ለምን እንደተወ ለሚስቱም አልነገራት።

ፍርሃት በአንድ ጊዜ አይገባም፣ የሻረግ። እንደ ምስጥ ነው፤ ምሰሶውን የሚበላው ከውስጥ ነው። ወንዝ የወረዱት ሴቶች ዘብ ሲያልፍ ወሬያቸውን ይለውጣሉ። ገበያ ላይ ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ኋላውን ያያል። የውሃው ሕግ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ሆነ፤ ዛሬ የተፈቀደው ነገ ያስቀጣል። ሽማግሌዎቹ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባባሉ ይጽናናሉ። ማጽናኛ ሆኖ ተገኝቶ! ሹሙም ራሱ ተለወጠ። ድሮ ሲሳሳት የሚያስቆመው ሰው ስለነበረ ከመሥራቱ በፊት ያስብ ነበር፤ አሁን ማን ፊት ያፍራል? ገበሬው እንቅልፍ ከዳው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስቶ የበሩን መወርወሪያ ይነካካል። «እኔን ምን ያገኘኛል? መጀመሪያ እጄን ያወጣሁ እኔ አይደለሁ?» እያለ ራሱን ያባብላል።

ክረምት ሲገባ ያ የነፈጋቸው ዝናብ ተጠራቅሞ ወረደ። ጎርፍ ሲመጣ የቦዩን አፍ መዝጋት የቦዩ ዘብ ሥራ ነው። ዘቡ ግን ሰርግ ቤት ጠላ ሲጠጣ ውሎ ረሳው። ጎርፉ ቦዩን ሰብሮ የታችኛውን ሰፈር እህል ጠራርጎ ወሰደው። የገበሬው ልጅ፣ ገና ጢም የሚያቀመቅም ጎረምሳ ነው፣ ጩኸቱን ሰምቶ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ድንጋይና አፈር እየጠቀጠቀ የተሰበረውን ሊደፍን ታገለ። ዘቡ ስካሩ በርዶለት ሲመጣ ልጁን እዚያው አገኘው፤ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ያዘው። «ቦዩን የሰበረው ይሄ ነው» አለ። እጁ ላይ ጭቃ አለ፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል!

በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ። ቦይ የሰበረ ሰው ቀኝ እጁ ይቆረጣል ተባለ።

ገበሬው ሮጦ ሹሙ እግር ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ቦዩን ጥሎ የሄደው ዘቡ ነው! ሰርግ ቤት ያየው ሰው ሞልቷል። ምስክር ይጥሩ!»

«ማን ይመሰክራል?» አለ ሹሙ።

ገበሬው ዞር አለ። ደጁ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

«እንዲያውስ ቦዩ የተሰበረው ትናንት ነው፤ አዋጁ የወጣው ዛሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«አዋጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ሹሙ፤ «ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ የማውቀውም እኔ ነኝ።»

እውነቱ ጠፍቶት ነው ብለሽ ነው? አልጠፋውም። ዘቡ ሰክሮ እንደነበር ያውቃል። ግን ዘቡ የእሱ ዘብ ነው። ዘቡ አጠፋ ከተባለ፣ እህሉ ለተወሰደበት ሰው ሁሉ መልስ የሚሰጠው ሹሙ ነው። ማን በገዛ ራሱ ላይ ይፈርዳል? አንቺ ትፈርጃለሽ? እኔ እንጃ፤ እኔስ የምፈርድ አይመስለኝም።

ቅጣቱ ለማግስቱ ጠዋት ሆነ። ገበሬው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ምን አሉህ?» ብላ እንኳ አልጠየቀችውም። እጁን ነው ያየችው።

«ያቺን እጅህን ከዋርካው ሥር ያወጣህ ቀን ነው ልጄን የሰጠኸው» አለችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ወደ ቀድሞው ዳኛ ሄደ። ዳኛው ጎርፉ የተወለትን ቁራጭ ማሳ ይኮተኩታል። ገበሬው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «አባቴ፣ ይፍረዱልኝ። ድንጋዩን በደረቴም ቢሆን እየተሳብኩ እመልሳለሁ፤ ብቻ ለልጄ ይፍረዱልኝ።»

ዳኛው ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ላይ ቂም የለም፤ ለገበሬው የባሰበት እሱ ነው። «ልጄ፣ ልጅህ ንጹሕ ነው» አለው። «ግን እኔ ዛሬ ማሳ የሚኮተኩት ሽማግሌ ነኝ። የምሰጥህ ምክር ብቻ ነው፤ ምክር ደግሞ ዘብ አያቆምም።»

«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል ይባል የለም እንዴ?» አለ ገበሬው እያለቀሰ።

«ይባላል» አለ ዳኛው። «ውሃ ሲያንቅስ በምን ይዋጣል?»

ነጋ። ሕዝቡ ሹሙ ግቢ ተሰበሰበ፤ የቀረ ይቀጣል ስለተባለ ነው እንጂ ማን እንደዚያ ያለ ነገር ሊያይ ይመጣል። ልጁን አመጡት። አባቱን ሲያይ ፍርሃቱ እንዳይታወቅበት ከንፈሩን ይነክሳል። መጥረቢያ የያዘው ያው የሰርግ ቤቱ ዘብ ነው፤ ወደ ልጁ ማየት ፈርቶ ወደ ግንዱ ብቻ ያያል። የልጁን እጅ ከግንዱ ላይ አኖሩት።

«በሕግ አምላክ!»

ገበሬው ነው። ግቢው ቀጥ አለ። ዘቡ መጥረቢያውን እንዳነሳ ቆመ። ሹሙም ከወንበሩ ሊነሳ ሲል እንዳጎነበሰ ቀረ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው ቃል ነው፣ አጥንቱ ያውቀዋል። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ የድሮው አገር የተመለሰ መሰለ። ገበሬው ሄደና የሹሙን ካባ ጫፍ ይዞ ከጋቢው ጋር ቋጠረው። ማንም አልከለከለውም። ከሴቶቹ መሀል አንዷ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

ሹሙ ቋጠሮውን አየው። አልተቆጣም። ረጋ ብሎ «ወዴት ልትወስደኝ ነው?» አለው።

«ወደ ዳኛ» አለ ገበሬው።

«ይኸው ደረስን እኮ» አለ ሹሙ።

ተቋጥረው ቆሙ። ገበሬው ዙሪያውን አየ። ሕጉን ያወጣው ይሄ ሰው፣ ልጁን ያሳሰረው ይሄ ሰው፣ የፈረደው ይሄ ሰው፣ መጥረቢያውም የእሱ። ያ ዳኛ ዘንጉን ያስቀመጠ ቀን የጠየቀው ጥያቄ ይኼኔ ገባው። እልል ልትል የነበረችው ሴት አፏን ዘጋች። ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም አላልኩሽም? ሹሙ በሁለት ጣቱ ፈታው።

ያን ጊዜ ገበሬው ቀኝ እጁን ወደ ላይ አወጣ። ሰው ያበደ መሰለው።

«ጌታዬ» አለ፣ «ያኔ ከሁሉ በፊት የወጣችልዎ እጅ ይህች ናት፤ ያውቋታል። እጅ ከተፈለገ ይህችን ይውሰዱ። የልጄን ይተዉልኝ።»

ሹሙ ጥቂት አሰበ። ደግ ሰው ነው ብዬሽ የለ?

«እሺ» አለ፤ «ስለ ውለታህ።»

ምነው ፊትሽ እንዲህ ተለወጠ? ልጁማ ሁለት እጅ አለው፤ አባቱን ያጎርሰዋል። አባትየው ጎንበስ ብሎ ይጎርሳል፣ ዓይኑን ግን ከልጁ ዓይን አያጋጥምም። ከዋርካው ሥር ከዚያ ወዲህ እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ እጅ አውጡ ብሎ የጠየቃቸውም የለም።

እንግዲህ «ደግ ሰው ነው፣ ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። እኔም ሆን ብዬ ደግ ሹም ሰጠሁሽ፤ ክፉ አድርጌ ባወራሽ «የኛው እንደዚያ አይደለም» ብለሽ ተነስተሽ ትሄጂ ነበር። ዋርካው ያንቺ ምክር ቤት ነው። ገበሬው አንቺ ነሽ፤ ባለፈው ዓመት በመሬትሽ ጉዳይ ዳኛው ባንቺ ላይ የፈረደውን እኔ የማላውቅ መስሎሻል? ዳኛ ያንዛዛል፣ ልክ ነሽ። ይሳሳታል፤ ጉቦ የሚበላም አይጠፋም። ገሥጹት፣ አጋዥ ጨምሩለት፣ ካልሆነም በሥርዓቱ ለውጡት። ደጁን ግን አትዝጉት። ዳኛ ከሹም ተለይቶ የተቀመጠው ሹም ሁሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተበደለ ሰው በሕግ አምላክ ብሎ ካቆመ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ደጅ እንዲኖረው ነው። ያ ደጅ ከሌለ በሕግ አምላክ ማለት ጩኸት ብቻ ነው።

ነገ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል፣ ከማውጣትሽ በፊት ቀኝ እጅሽን እያት። ልጅሽን የምታጎርሺባት እጅ ናት። አንድ ቀን ከዚያ ደግ ሰውሽ ጋር ብትቋጠሪ ወዴት እንደምትወስጂው አስቢ። መንገዱን ካገኘሽው አውጪያት። ካላገኘሽው ግን፣ የሻረግ፣ በሕግ አምላክ፣ እጅሽን አውርጂ።